ባና መርገጫ ላይ የሸጥሁት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከኪዳን ስመለስ በድልድዩ በኩል መጣሁ። ከድልድዩ ሥር አንዲት ልጅ እግር ሴት ባና ታጥባለች። ከሩቅ አገር ተፈናቅለው መጥተው ሰፈራችን ከተጠለሉት አንዷ ናት። ባናውን ሰው ሰጥቷት ይሆናል፤ የሞላሌ ክረምት ያለ ባና አይታለፍም። ባና የበግ ጠጉር ልብስ ነውና ሲረጥብ ሽታ አለው፤ የበግም የጭስም የዝናብም ሽታ። እግሬ አልሄድ አለና ቆምሁ።

«እናቴ፣ ደከመዎት? ይቀመጡ» አለችኝ።

«አልደከመኝም ልጄ። ሽታው ነው።»

«ይሸታል አይደል? ሦስቴ አጠብሁት፣ አልለቅ አለኝ።»

«አይለቅም። እሱ ከለቀቀ ባና አይደለም።»

ሳቀች። ከዚያ እጇን አራግፋ ቀና አለችና «ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ይህን ሰፈር ባና መርገጫ የሚሉት ለምንድን ነው? ባና ይለበሳል እንጂ ይረገጣል እንዴ? በዚህ ብርድ ባና የሚረግጥ ሰው ጤነኛ ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ቆሜ የምነግራት ስላልሆነ «ሌላ ቀን ልጄ» ብያት ሄድሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ሽታው ተከትሎኝ ኖሮ ቀኑን ሙሉ አልተወኝም። ለእሷ ያልነገርኋትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አዎ፣ ባና ይረገጣል። ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና ወንፊት ነው፤ ነፋስ ያሳልፋል። ወንዙ ዳር ዛሬ የድልድዩ እግር የቆመበት ቦታ ላይ ሰፊ ለጥ ያለ ድንጋይ ነበር። ባናው እዚያ ላይ ይዘረጋል፣ ሴቶች የፈላ ውኃ እያመላለሱ ያፈሱበታል፣ ወንዶች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡታል። ጠጉሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ ባናው እየጠበበና እየወፈረ ይሄዳል። ረጋጮቹ እንዲህ ይሉ ነበር፦

እርገጠው እርገጠው፣ ክሩ እስኪጠብቅ፤
ያልተረገጠ ባና፣ ገላ አያሞቅ።

የሚያወጣው ባለቤቴ ነበር፤ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። እሱ ራሱ ሸማኔ ነው። ጥቁርና ቡናማ ባና ነበር የሚሠራ፤ ነጩን አይወድም፣ «ነጭ ለድግስ ነው፣ ጥቁር ለብርድ ነው» ይላል። እኔ ከጊሼ ገጠር አግብቶኝ ስመጣ ከተማ ማለት ይህ ወንዝ ዳር መስሎኝ ነበር። ቤቶቹ በድንጋይ የተካቡ፣ ጣራቸው የጓሳ ሣር ነው። ክረምት ሲሆን ሣሩ ላይ ውርጭ ይተኛና ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ሰፈሩ ሁሉ ይጨሳል። ከላይ በኩል ባና ሠሪዎች ነን። መሐል ላይ ጨው፣ በርበሬና ጥጥ ከቆላ በአህያ የሚያመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች አሉ። ከታች ውኃው ከእኛ አልፎ በሚሄድበት በኩል ቆዳ ፋቂዎች ናቸው። ሦስታችንም አንድ ውኃ እንጠቀማለን፤ ተራ አለው። ጠዋት ለመጠጥ ይቀዳል፣ ረፋድ ላይ ባና ይረገጣል፣ ከሰዓት በኋላ ቆዳ ይነከራል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሲፈርስ ግን አላየሁም። ገበያ ቀን ከሆነ ባናው ወንዙ ዳር ባለው ካብ ላይ ይሰጣል፤ ገዢ መጥቶ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ጣቱ ከሰመጠ «አልተረገጠም» ብሎ ግማሹን ዋጋ ያወርዳል። በዚያ ዘመን አንድ ጥሩ ባና ሸጦ ከነግልገሏ በግ የሚገዛ ሰው ነበር። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው ብርድ ልብስ አበባ አለበት፣ ያምራል፤ ሙቀቱ ግን ከአበባው አያልፍም።

ዘይነባ ጨው ሻጭ ናት። ቤቷ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘናል። በዕድሜ ጥቂት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፤ ቀረቤታችን ግን አንቺ ነው። ረጅም ናት፣ ስትስቅ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ጨውዋን በጣሳ እየሰፈረች ከእያንዳንዱ ገዢ ጋር ትጣላና ከእያንዳንዱ ገዢ ጋር ታርቃ ትሸኘዋለች። አራት ልጆች ነበሯት፤ አራቱም እንደ ፍየል ጠቦት ካብ ለካብ የሚዘሉ።

እኔ ሁለት ልጆች ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። ስለ እነርሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የፈጠራቸው ያውቃቸዋል።

ሦስተኛው በጥቅምት ተወለደ፣ ወንድ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ትልልቅ ሴቶች መጥተው «አስካለ፣ ይህን በእጅሽ አታቆይው፤ ሽጪው» አሉኝ። ልማድ ነው። ልጅ የማያድግላት እናት የወለደችውን ልጅ ልጆቿ ለሚያድጉላት ሴት ትሸጠዋለች። ገዢዋ ዘመድ መሆን የለባትም፤ ከሌላ ወገን፣ ከሌላ እምነት ከሆነች ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው ይላሉ። ሞት የእኔን ልጅ ፈልጎ ሲመጣ ልጁ የሌላ ሰው ሆኖ ያገኘዋል፣ አፍሮ ይመለሳል። ዛሬ ስጽፈው እንደ ተረት ነው። ሁለት ለቀበረች እናት ግን ተረት አይደለም።

ዘይነባን ጠየቅኋት። አልሳቀችም። «ነገ እገዛለሁ» አለች ብቻ።

በማግሥቱ ባለቤቴ ከጀርባ በኩል ካለው ግድግዳ ጥቂት ድንጋዮች አወጣ፤ የሚሸጥ ልጅ በበር አይወጣም። በቀዳዳው ማዶ ዘይነባ ቁጢጥ ብላለች። ገዢ ዕቃውን ማናናቅ አለባት፤ ደንቡ ነው፤ እሷ ደግሞ ለዚህ ተፈጥራለች።

«ምን ትሸጫለሽ?»

«ልጅ።»

«እስቲ አሳዪኝ። ይህ ነው ልጅ? ይህማ ጥንቸል ነው! አፍንጫውም ደፍጣጣ ነው። አልገዛም።»

እንባዬ መጣ። አለቀስሁ። ዘይነባ በቀዳዳው አንገቷን አስገብታ «ሻጭ አያለቅስም! ሻጭ ዕቃውን ያሞግሳል!» ብላ ተቆጣችኝ።

«ጥሩ ልጅ ነው» አልሁ።

«እሺ፣ ስላዘንሁልሽ እወስደዋለሁ» አለችና አንድ ጭብጥ ጨው በመዳፌ ላይ አፈሰሰች። ልጄን በቀዳዳው አቀበልኋት። ባለቤቴ ድንጋዮቹን መልሶ ደፈነ። ልጅ በሌለው እጄ ጨው ይዤ ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። በኋላ በፊት በር በኩል ድምፅ ሰማን።

«ቤቶች! ልጅ የምታጠባልኝ ሴት ፈልጌ ነበር፤ እዚህ ሰፈር ትገኛለች?»

«አለሁ» አልሁ።

«አደራ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያውስ ይኸው ልጄ። ሲያድግ የሚያምር ልጅ ነው፤ እንዳታበላሺብኝ።»

እንዲህ አድርጌ የልጄ ሞግዚት ሆንሁ። ስሙን ግዛው አልነው። በአርባ ቀኑ ቤተ ክርስቲያን ወስደን አስጠመቅነው። ዘይነባ ከቅጥሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ቆማ ጠበቀችን። ስንወጣ «ልጄን ምን አድርጋችሁ ነው እንዲህ ያስጮኻችሁት?» አለች። ቄሱ እንኳ ሳቁ።

አደገ። በእርግጥም አደገ። ኩፍኝ የያዘው ጊዜ እሷ በራሷ ሃይማኖት እኔ በራሴ ሃይማኖት እየጸለይን ከግራና ከቀኝ ተቀምጠን አሳለፍነው። መራመድ ሲጀምር ወደ ማን ቤት እንደሚገባ አይታወቅም ነበር። አረፋ ሲሆን አዲስ ልብስ የምትገዛለት እሷ ናት፤ ፋሲካ ሲሆን እኔ ነኝ። ከሁለት በኩል ስለሚለብስ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የተሻለ ለባሽ እሱ ነበር። ሥጋ ግን ከእሷ ቤት አይበላም፤ ይህን የምትጠብቅልኝ ራሷ ዘይነባ ናት። «አንተ ክርስቲያን፣ እጅህን ከድስቴ ላይ አንሳ! ሞግዚትህ ትገድለኛለች» ትለዋለች። ከእሱ በኋላ እግዚአብሔር ሁለት ሴቶች ልጆች ሰጠኝ፤ እነርሱን አልሸጥኋቸውም። ተመስገን።

ሰፈሩ ግን እንደዚያው አልቆየም። ስብሰባና ሰልፍ የበዛበት ዘመን መጣ፣ ሄደ። ሌላውም መጣ፣ ሄደ። እኔ የማስታውሰው በራዲዮ የሚመጣውን ሳይሆን ጣራውን ነው። አንድ ሰው ቆርቆሮ አለበሰ፤ ሁላችንም ዝናብ ሲዘንብ ልንሰማው ሄድን፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች አለበሱ። መንገድ ሠሪዎች መጥተው ወንዙ ዳር ድንኳን ተከሉ፤ ከእነርሱ ጋር ሹፌሮች መጡ፣ ጎማ የሚለጥፍም መጣ፣ ሻይ ቤትም ተከፈተ። ልጆቻችን ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ ማውራት ጀመሩ። አስተማሪዎች ክፍል ተከራዩ። የቆዳ ፋቂዎቹ ልጆች ተምረው አዲስ አበባ ገቡ፤ ወላጆቻቸውን አንድ በአንድ ወሰዱ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያ ላይ ተቆለለ። የባለቤቴ መሸመኛ ጉድጓድ መጀመሪያ የድንች ማስቀመጫ፣ በኋላ የምንም ማስቀመጫ ሆነች። እሱ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። የመርገጫውን ድንጋይ ግን እየሄደ ያየው ነበር።

ከዚያ ድልድዩ መጣ። የወንዝ ዳሩ ቤቶች ይነሳሉ ተባለ። ለእኛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቦታ ሰጡን፤ አልተበደልንም። ዘይነባ ግን ባሏ ሞቶባት ነበርና የመጀመሪያ ልጇ ወደ ዘመሮ ወሰዳት። ዕቃዋ አይሱዙ ላይ ሲጫን ሰፈሩ ወጥቶ ቆመ። ግዛው ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ ጨው መስፈሪያ ጣሳዎቿን አቅፎ አልለቅም አለ። እሷ ከላይ ሆና «ሞግዚቷ! ልጄን በደንብ ያዢልኝ!» አለችኝ። መኪናው ሲነሳ ፊቷን ወደ ሌላ በኩል አዞረች። መሄድ የነበረብኝን ያህል አልሄድሁም። አንድ ዓመት በሽታ፣ አንድ ዓመት ሞት፣ ሌላ ዓመት መንገዱ አይሆንም ሲባል ጊዜው አለፈ።

ባለቤቴ ሲደክም ጠርቶኝ «ልጁ ሳያገባ አስመልሺው» አለኝ። የተሸጠ ልጅ ከማግባቱ በፊት የተሸጠበትን መልሶ ሰጥቶ ማስመለስ ወግ ነው፤ አለዚያ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ጎጆ ይወጣል። «ስሜን ይዞ ይግባ» አለ። «እሺ» አልሁት። የመጨረሻ ንግግራችን ማለት ይቻላል።

ግዛው ዛሬ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል፤ ሱቁ ድልድዩ አጠገብ ነው። ማግባት ሳያስብ ቆይቶ አምና አንዲት የሞላሌ ልጅ አጨ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። በዚያው ሰሞን ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት ከዘመሮ የመጣች ሴት ስለ አንዲት ዓይናቸው ስለታመመ፣ ሳቃቸው ግን መንደር ስለሚያውክ አሮጊት ስታወራ ሰማሁ። ስም አልጠየቅሁም።

ልጁን ላስመልስ ዘመሮ ልሄድ መሆኑን ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። «ልጅሽ በጥምቀት የእግዚአብሔር ሆኗል። በጨው የሚሸጥ፣ በጨው የሚመለስ ልጅ የለም፤ ይህን ታውቂያለሽ» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባ። ግን የባለቤቴ ቃል አለብኝ። ደግሞም አላመሰገንኋትም።»

«ለማመስገን ከሆነ ሂጂ። እሱ ጸሎት ነው።»

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ መኪና ቀይሬ ዘመሮ ገባሁ። በነጠላዬ ጫፍ ጨው ቋጥሬአለሁ። ቤቱን ልጆች አሳዩኝ። በሩ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልሁ።

«ማነሽ?» አለኝ የማውቀው ድምፅ።

«የልጅሽ ሞግዚት ነኝ።»

ከዚያ «ይህን ሁሉ ዘመን ጠፍተሽ ደሞዝ ልትጠይቂ ነው የመጣሽው?» አለች። ስገባ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ፊቴን በእጇ ዳሰሰችና «አርጅተሻል» አለችኝ። «አንቺስ?» ብላት «እኔ ስለማላየው አላረጀሁም» አለች። ተቃቅፈን ቆየን።

ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት። ሁለቱን አላህ ወሰዳቸው አለች። አንደኛው እዚህ አብራው የምትኖረው ነው፣ ሴት ልጇ ደግሞ ዓረብ አገር ናት፤ በስልክ ድምፅዋን ትሰማለች። «ሰው ስንት ልጅ አለሽ ሲለኝ ሦስት እላለሁ» አለች። ሦስተኛው ግዛው መሆኑ ገባኝ፤ ነገር ግን የመጣሁበትን ተናገርሁ። ግዛው ሊያገባ መሆኑን፣ የባለቤቴንም ቃል ነገርኋት። ቋጠሮውን ፈትቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥሁ። በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችው።

«ይህ የፋብሪካ ነው። እኔ የሰጠሁሽ የቆላ ጨው ነበር።»

«የቆላውን ዛሬ ከየት ላምጣ እትዬ?»

«እንግዲህ አልሸጥም» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን እንደ ድሮው አልራቀም፤ እዚያው ቤቱ ውስጥ ቀረ። ከዚያ «አስካለ፣ ካስመለስሽው በኋላ እኔ ምኑ ነኝ?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ «የሙት ቃል ከባድ ነው» አለች፤ «አደራ ነው። አምጪው፣ እቀበልሻለሁ።» ጨውን ከጉልበቷ አንስታ መልሳ አስጨበጠችኝ፤ በሥርዓቱ ከእጄ ልትቀበል መዳፏን ዘረጋች። ፊቷ ግን ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ነበር፤ አይሱዙው ላይ ሆና እንዳዞረችው።

እኔ ያን ጊዜ ሁለት እንዴት እንደሚቀሩ አሰብሁ። ከሦስት ላይ አንድ ሲነሳ።

የልጅ ልጇ እሳቱ ዳር ሽሮ ትሠራለች። «ልጄ፣ ወጡ ጨው በቅቶታል?» አልኋት።

«ገና አልጨመርሁም እማማ።»

«ይህን ጨምሪበት» ብዬ በእጄ ያለውን ጨው ሰጠኋት።

ዘይነባ ያልነውን ሰምታ «ምን አደረግሽ?» አለች።

«ርቦኛል። እንብላ።»

በላን። ስወጣ እጄን ይዛ «ባልሽስ?» አለችኝ። «እኔ እነግረዋለሁ» አልኋት። ስመለስ መቃብሩ ዘንድ ቆሜ ነገርሁት። እሱም ያውቃት ነበር፤ ድንጋዩን ያወጣላት እሱ ነው። ልጁ ስሙን ይዞ ገብቷል፤ የአባት ስም ደግሞ ሌላ እናት አይከለክልም።

በጥር ግዛው ራሱ ሄዶ አመጣት። ድንኳኑ የተተከለው ድልድዩ አጠገብ ነው። የሙስሊሞቹ ማድቤት ለብቻው፣ በአዲስ ድስት፤ በጋቸውንም ራሳቸው አረዱ። ብሎኬት የሚያመርቱት፣ ባጃጅ የሚነዱት፣ ከሩቅ አገር የመጡትም ነበሩ። ከድሮው ሰፈር የቀረነው ጥቂት ነን፤ አንድ መደብ በቃን። ዘይነባን ከአጠገቤ አስቀመጥኋት። የሙሽሪት አጎት ግራ ገብቷቸው «የሙሽራው እናት የትኛዋ ናቸው?» ሲሉ ሰማሁ። ጎረቤት «ሁለቱም» አላቸው። «እንዴት ሁለቱም?» «ታሪኩ ረጅም ነው ጋሼ፣ ይብሉ» አላቸው።

የወላጅ ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ደረሰ። ግዛው ሙሽሪቱን ይዞ መጣና ከፊታችን ቆመ። ወደ እኔ ጎንበስ ሊል ጀመረ። ዘይነባ ስላላየች እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ጉልበቴን እስኪስም እየጠበቀች ተቀምጣለች።

«ቀድመህ ወደ እሷ» አልሁት።

ሄደ። ጉልበቷን ሲስም ራሱን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅ አለች፤ በራሷ ሃይማኖት ወግ ትመርቀው ጀመር፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ምርቃቷ ረጅም ነበር። እኔ ተራዬን ጠበቅሁ።